ድምፃቸውን ለተነጠቁት መምህርት ኬኔዌ ራማይኔ
ከታባናንግ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ማፑትሶ፣ ሌሶቶ

የትምህርት ቤታችን ማኅበረሰብ፣ ለሃያ ስድስት ዓመታት ጂኦግራፊ ያስተማሩት መምህርት ኬኔዌ ራማይኔ ባደረባቸው ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ማረፋቸውን የሚያስታውቀው በጥልቅ ሐዘን ነው። ሐዘናችን ግን ብቻውን አልመጣም። ተክደን ነው የምናለቅሰው፤ ይህን ደብቀን መግለጫ ብናወጣ እሳቸውን ሁለት ጊዜ መቅበር ይሆንብናል።

መምህርት ኬኔዌ እዚሁ ማፑትሶ ከልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ እናት ተወለዱ። ተማሪ «ግሎባላይዜሽን» የሚለውን ምዕራፍ ሸምድዶ ሲያልፍ ያንገበግባቸው ነበር። እናቱ የሰፋችው ጂንስ ውቅያኖስ ተሻግሮ እየተሸጠ፣ ዓለም ማለት ሌላ ሰፈር የሚመስለው ልጅ በዝቶባቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ፣ በስልክ የሚታዩ ትምህርቶችን በኢንተርኔት አሰራጩ። አንድ ሱሪ ከጥጥ ማሳ ተነስቶ፣ በማፑትሶ የስፌት መኪና አልፎ፣ ባሕር ማዶ መደርደሪያ ላይ እስኪሰቀል ድረስ ተማሪው በቪዲዮ፣ በድምፅና በካርታ ይከተለዋል። በፋብሪካው በር ላይ ማክዌንያ፣ ያን በዘይት የተጠበሰ ሊጥ፣ እየበሉ የሚያርፉትን እናቶችም አናግረዋል። ከእነሱ አንዷ ሜ፣ ማለትም እናት፣ ማሊኔኦ እንዲህ ብለው ነበር፦ «እኔ የሰፋሁትን የለበሰች ሴትዮ እጇን ኪሷ ስትከት፣ እኔን የጨበጠችኝ ይመስለኛል። እሷ ግን መች ታውቀኛለች!» ተማሪዎቻችን ዓለምን የተማሩት ከዚህች ንግግር ነው።

በ2022 «ክፍት አድማስ» የተባለ የባሕር ማዶ ድርጅት ትምህርቶቹን ለብዙ አገር ላዳርስ ብሎ መጣ። በእኛ ዘንድ ሌትሴማ፣ ማለትም ደቦ፣ የወጣ ሰው አርሶ፣ ጠላውን ጠጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል እንጂ ማሳውን አያጥርም። እንግዶቹንም እንደ ደቦኛ አየናቸው። መምህርቷ ቅጂ እንኳ ሳያስቀሩ ሥራቸውን ከነማከማቻው አስረከቡ፤ ትምህርት ቤቱም በግ አረደ።

በ2023 ትምህርቶቹ ታደሱ ተብሎ ወጡ። የመምህርቷ ስም የለም። ድምፃቸው በሌላ ሰው ድምፅ ተተክቷል። በሜ ማሊኔኦ ምስል ላይ ደግሞ አንዲት ተዋናይት «ሥራ በማግኘቴ ደስተኛ ነኝ» ትላለች። መምህርት ኬኔዌ ይህን በመምህራን ክፍል ሲሰሙ «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት? ማሊኔኦን የት ጣሏት?» ብለው ሳቁ። ቆይተው ግን አለቀሱ። ለድርጅቱ ሲደውሉ ያገኙት መልስ «ለዓለም እንዲገባ ብለን ነው» የሚል ነበር። «እኛስ፣ ልጄ፣ የት ነው ያለነው?» ብለው ጠየቁ።

ከዚያ ወዲህ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትምህርቶቹ በራሳቸው ድምፅ ለተማሪዎቻቸው እንዲመለሱ። አልተመለሱም። ዛሬ ልጆቻችን ገጹን ሲከፍቱ «ይህ ትምህርት ባሉበት አገር አይሰጥም» የሚል ጽሑፍ ያነባሉ። ቤተሰባቸው የመጀመሪያው ትምህርት በቀብራቸው ላይ እንዲሰማ ስለፈለገ፣ ድምፁን እንዲልክልን ድርጅቱን ለመንን። «ጥያቄዎ ደርሶናል» የሚል የማሽን መልስ መጣልን።

ድርጅቱ የሐዘን መልእክት ለመላክ ግን አልዘገየም። በመልእክቱ መምህርታችንን «የአካባቢ ረዳታችን» ይላቸዋል፤ ወኪሉ በቀብሩ ላይ ንግግር እንዲያደርግም ጠይቋል። በቁማቸው የነጠቃቸው ሰው በሞታቸው ሊያሞግሳቸው መነሣቱ እጅግ አሳዝኖናል፤ አናዶናልም።

ለባለቤታቸው ለንታቴ፣ ማለትም ለአቶ፣ ሞሌፌ፣ ለልጆቻቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ላስተማሯቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። የቀብር ሥነ ሥርዓታቸው ቅዳሜ ጠዋት በመኖሪያ ቤታቸው ይጀመራል።

የድርጅቱን ወኪል በተመለከተ፣ በአገራችን ለቀብር የመጣ አይመለስም፤ ከወንዶቹ ጋር ተራውን ጠብቆ አካፋ መያዝና አፈር ማልበስ ይችላል። የንግግር ተራ ግን አልያዝንለትም። ድምፃቸውን ይዞ ከመጣ፣ የመጀመሪያዋ ተናጋሪ መምህርት ኬኔዌ ይሆናሉ።