እስከ ገና የተከራየሁት ሪሲቨር

ጥቅምት 2፣ እሑድ

ቅዳሴ ብቻዬን ሄድሁ። ዓይናዲስ ጉልበቴን አመመኝ ብላ ቀረች። ስመለስ ቤት የለችም። ጉልበቱ የታመመ ሰው የት ይሄዳል?

ጌታሰው ክፍል አገኘኋት። ጌታሰው ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የግብርና ሠራተኛ ነው፤ የጓሮዋን ክፍል አከራይተነዋል። ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቴሌቪዥን ታያለች። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ልጃችን እየሩስ በቋንቋችን በኽምጣና ትናገራለች።

"ጉልበትሽ እንዴት ሆነ?" አልኋት።

"እሷን ሳይ ይሻለኛል" አለች። ዘወር ብላም አላየችኝ።

ወጣሁ። ጎመኑን ውሃ አጠጣሁ። ትናንት አጠጥቼው ነበር…

ጥቅምት 3

እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

እየሩስ እዚሁ ሰቆጣ አስተማሪ ነበረች። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ጎልማሳ ሆኜ ነው፤ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ፣ አስተማሪ ሳይኖረኝ። አንዳንዱ ፊደል ተገልብጦ ስለተለጠፈ አንገቴን አጣምሜ ነበር የማነበው። ስለዚህ ልጄ አስተማሪ ስትሆን ሌላ ሹመት አልፈለግሁም። እሷ ግን የትምህርቱ ዘመን ሳይጋመስ፣ በኽምጣና ዜና የሚያነብ ሰው ይፈለጋል ሲባል፣ ክፍሏን ትታ ባሕር ዳር ሄደች።

"ልጆቹን ለማን ትተሽ?"

"ተተኪ ይመጣል አባ።"

"እስኪመጣስ?"

ሻንጣዋን አነሳች። ከሄድሽ በዚህ በር እንዳትመለሽ አልኋት፤ መመለስ ካማረሽም ሽማግሌ ልከሽ፣ ድንጋይ ተሸክመሽ ነው። ሦስት ዓመት ሆነ። ሽማግሌም የለ፣ ድንጋይም የለ። የእኛን ቴሌቪዥን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨርቅ አልብሼዋለሁ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ዛሬም ቀረች።

"ከእግዜርና ከቴሌቪዥን አንዱን ምረጪ" አልኋት።

"በቅዳሴ ሰዓት ፕሮግራም ያደረግሁት እኔ ነኝ? ባለቤቶቹን ጠይቅ።"

ጌታሰው ሰማን። ይህ ልጅ ጆሮው ቀጭን ነው። "ጋሼ፣ የሚቀዳ ሪሲቨር አለ እኮ" አለ። "የእኔው አይቀዳም። የሚቀዳው ግን ሰዓቱን ከነገሩት ሰው ባይኖርም ያስቀምጣል። እናታችን አስቀድሰው መጥተው ያያሉ። ወንዳወቅ ጋ ይሸጣል፣ ይከራያልም።"

ሰው በሌለበት ቤት ልጄ መጥታ ትናገርና ትሄዳለች ማለት ነው። ጥሩ… እሷስ ሰው እያለ መች መጣች?

ጥቅምት 12

ወንዳወቅ ሱቅ ሄድሁ። ዲሽ የሚተክል፣ ሪሲቨር የሚሸጥ ሰው ነው። አፉ ከእጁ ይፈጥናል።

"የሚከራዩት ተመድበው የመጡ ሠራተኞች ናቸው" አለኝ። "ሲዛወሩ ይመልሱልኛል። እርስዎ የት ሊዛወሩ ነው? ይግዙት እንጂ።"

እውነቱን ነው። ኪራይ የመንገደኛ ነው። እኔ አባቴ በተቀበረበት ከተማ ዕቃ ተከራይቼ… ግን መግዛትስ? ገዝቼ ቤቴ ካስቀመጥሁት በቃ፣ እየሩስ የምትታየው በዚህ ነው ማለቴ ነው። አትመጣም ብዬ ፈረምሁ ማለት ነው።

ሁለቱንም ትቼ ወጣሁ። ጨው መግዛት ረስቼ ተመለስሁ። ጨውም ሳልገዛ ቤት ገባሁ።

ጥቅምት 14

ዓይናዲስ ራት እያቀረበች፣ "ግዛው" አለች።

"ለምን?"

"ስለማትመጣ።"

"ትመጣለች።"

"መች?"

"ለገና" አልሁ። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። "ሰው ለገና ወደ ቤቱ ይገባል። እስከዚያ እንከራየዋለን።"

"በር የዘጋ ሰው እንግዳ ይጠብቃል" አለችና ሳህኑን አስጠጋችልኝ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ወንዳወቅ ትናንት መጥቶ ገጠመው። ጨርቁን ያነሳሁት እኔ አይደለሁም። ዛሬ ሁለታችንም አስቀደስን። ስንመለስ፣ ጌታሰው እንዳለው ተቀድቶ ጠበቀን። ዓይናዲስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ከፊቱ ተቀመጠች። ጌታሰው ማቆሚያውን አሳያት። ሥዕሉ ቀጥ ይላል። "እንዲህ አቁሜ ፊቷን አያታለሁ" አለች። "ከስታለች ወይስ መብራቱ ነው?"

እኔ ጎመን ላይ ነበርሁ።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ከጓሮ ሆኜ "ደሃና" ሲባል ሰማሁ። ከዚያ የማንጠግቦሽ ድምፅ። ማንጠግቦሽ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት፤ ከእኛ ጎን ያለው ወረዳ ደሃና ነው የምትኖር። በር ላይ ቆሜ አየሁ። የማንጠግቦሽ ግቢ ነው፣ ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል። እየሩስ አክስቷ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እጇን ይዛታለች፤ ገብሱ ዘንድሮ እንዴት ነው፣ በሽታ መታው ወይ እያለች ትጠይቃለች።

ደሃና ድረስ መጥታ! ያለንበትን ተራራ እያየች፣ ፊቷን አዙራ ሄደች?

"በቃኝ" ብዬ ወጣሁ።

"እስከ መጨረሻው እይና ተናገር" አለችኝ ዓይናዲስ ከኋላዬ።

የሚታይ ምን አለ? ያየሁት ይበቃል።

ኅዳር 10

ከደሃና ሰቆጣ መኪና አለ።

ኅዳር 13

ያንኑ የደሃናውን ነው የምታየው። በየቀኑ። እህቷን ካየች ዓመታት ሆኗታል፤ ጉልበቷ መንገድ አይችልላትም። ማንጠግቦሽ ስትስቅ እሷም ትስቃለች። ሥዕል ላይ ላለ ሰው "እውነትሽን ነው እቴ" ብላ ትመልሳለች። እኔ ስገባ ድምፁን ትቀንሳለች። ለእኔ አዝና ነው ወይስ በእኔ ተናዳ?

ኅዳር 17

ዛሬ የሠራሁትን…

ዓይናዲስ ጎረቤት ለቅሶ ጠርተዋት በጥድፊያ ወጣች። ሥዕሉን አቁማው ነው የሄደች። እቤት ስገባ እየሩስ ከግድግዳው በኩል ታየኛለች። አፏ ግማሽ ተከፍቶ፣ ዐይኗ ግማሽ ተከድኖ። እጇ አክስቷ እጅ ላይ ነው።

ተቀመጥሁ። እንዲህ ቀጥ ብላ አይቻት አላውቅም፤ ልጅ ሆናም አንድ ቦታ አትረጋም ነበር። ግንባሯ ላይ የአባቴ መስመር ወጥቷል። ብዙ አየኋት። ከዚያ ዐይኗ መከደኑ አላስችል አለኝ። የታመመ ሰው መሰለችኝ። ትናገር፣ ትንቀሳቀስ ብዬ ሪሞቱን አነሳሁ።

ጌታሰው ክፍሉ ውስጥ ነበር። አልጠራሁትም። ሳላስተምር ፊደል ያወቅሁ ሰው… ማለቴ ሳልማር… ቁልፍ ያቅተኛል? መነጽሬን አደረግሁ። ቀዩን ነካሁ። በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ከሥሩ ሁለት መልስ አለ። የመጀመሪያውን መረጥሁ።

ጠፋች። ሰማያዊ ሆነ። ሌሎቹን ባስስ እነሱም የሉም። ሁሉንም ነው ያጠፋሁት።

ሪሞቱን ቦታው መልሼ ወደ ጎመኑ ሄድሁ።

ኅዳር 18

ዓይናዲስ ሪሲቨሩን በነጠላዋ ጠቅልላ ወንዳወቅ ጋ ይዛው ሄደች። እኔም ተከትዬ።

"ሆዱ ባዶ ሆነብኝ" አለችው።

ወንዳወቅ ከፍቶ አየው። "እናቴ፣ ዕቃው በራሱ አያጠፋም። በሪሞት የነካው ሰው አለ።"

"የኪራይ ዕቃ ምን እምነት አለው" አልሁ። ከአፌ ወጣ። ወንዳወቅ አየኝ። ቤት ስንደርስ ጌታሰውም አየኝ፣ ከዚያ ጫማውን አየ።

ኅዳር 19

ቁርስ ላይ መነጽሬን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና አቀበለችኝ።

"ሪሞቱ ላይ ጋደም ብሎ ነበር" አለች። "ለቅሶ የሄድሁ ዕለት።"

መነጽሬን በልብሴ ጠረግሁ።

"አንተ ሰውዬ፣ ስለማጥፋትህ አይደለም። ዐይንህ እያየ ወንዳወቅን አጭበርባሪ ልታስመስለው ነበር።"

"እየሩስ ቅጂ አይጠፋትም። በስልክ ስታወሪያት ጠይቂያት" አልሁ።

"እኔ?" ሳቀች፣ ግን ሳቅ አይደለም። "ያጠፋው ይጠይቅ።"

ኅዳር 21፣ እሑድ፣ ጽዮን

ከቅዳሴ መልስ ሪሲቨሩ የዛሬውን ቀድቶ ነበር። አልከፈተችውም። ያን አሮጌውን ጨርቅ ፈልጋ ቴሌቪዥኑን አለበሰችው። የእኔን ጨርቅ።

ኅዳር 26

ታገለግለኛለች፣ ትመልስልኛለች፣ ጾሙንም አብረን እንጾማለን። ወሬ ግን የለም። ከእህቷ ጋር ታወራ የነበረውን ያህል እንኳ ዛሬ ቀኑን ሙሉ አላወራችኝም… ከእህቷ ሥዕል ጋር ማለቴ ነው። ቤቱ እንዲህ ሰፊ ነበር?

ጌታሰውን ዛሬ ለብቻው ያዝሁት። "የጠፋ አይመለስም ወይ?" አልሁት።

"ከዕቃው አይመለስም ጋሼ። ጣቢያው ውስጥ ግን ይኖራል። እየሩስ በፍላሽ ትገለብጠዋለች። አንድ ስልክ ነው።"

አንድ ስልክ። ለእሱ ቀላል ነው።

ኅዳር 30

ቁጥሯን ከዓይናዲስ ስልክ ላይ አየሁ። ደውዬ ሳይጠራ ዘጋሁት። ቢጠራ ምን ልላት ነው? ድንጋይ ይዘሽ ነይ ያልሁ ሰው፣ አሁን ፍላሽ ላኪልኝ? በእኛ አገር ያጠፋ ነው ድንጋይ የሚሸከመው። ያጠፋ ማነው… ስለዚህኛው ማለቴ ነው።

የፊተኛው ጥፋት የእሷ ነው። እሱን አልለውጥም።

ታኅሣሥ 4

ደወልሁ። ከከተማው ወጣ ብዬ፣ ሰው በሌለበት።

"ምንዋጋው ነኝ" አልሁ።

"አባ? እናቴ ምን ሆነች?"

"ደህና ናት። ጠፍቶብን ነው።"

"ምን?"

"የደሃናው። የተቀዳው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

ትንፋሿ ብቻ ይሰማል። የሚስቅ ሰው ትንፋሽ ነው የሚያለቅስ? በስልክ አይለይም።

"አይተውት ነበር አባ?"

"ጀምሬው ነበር።"

"በፍላሽ አድርጌ በሰው ልላክልዎት?"

"ፍላሽ ትንሽ ዕቃ ናት። በሰው እጅ ትጠፋለች።"

"እንግዲያ እንዴት ይሁን?"

"ባለቤቱ ይዞት ሲመጣ ይሻላል። ገናም እየደረሰ ነው።"

ነፋስ ነው የሰማሁት፣ የእኔ ይሁን የእሷ አላውቅም።

"አባ… ድንጋዩስ?"

"ፍላሹን ያዢ። እሱ ይበቃል።"

ዘጋሁት። ደህና ሁኚ ማለት ነበረብኝ። ወደ ቤት ስወርድ ታወሰኝ።

ታኅሣሥ 6

ለዓይናዲስ አልነገርኋትም። ጨርቁ ግን ዛሬ ቴሌቪዥኑ ላይ የለም። ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።

ታኅሣሥ 27

የኪራዩ ቀን ሊሞላ ነው። ወንዳወቅ ጋ ሄድሁ። በመጀመሪያ፣ "ያን ቀን የዕቃህን ስም ያለ ጥፋቱ አጥፍቻለሁ" አልሁት።

"አውቄያለሁ አባቴ። ቀዩ ቁልፍ ስንቱን አስለቅሷል።"

"ልገዛው ነው የመጣሁ።"

ሪሲቨሩን ትቶ እኔን አየኝ። "ልጅዎ እየመጣች ነው ሲሉ ሰማሁ። አሁን ደግሞ ምን ያደርግልዎታል? ሰዎች ይከራያሉ፣ ሲበቃቸው ይመልሳሉ፤ እርስዎ ተገላቢጦሽ ነዎት።"

"መጥታ ወደ ባሕር ዳር ትመለሳለች" አልሁት። "ሥራ አላት። ለዚያ ነው የምገዛው።"

አዲስ ሊሰጠኝ ፈልጎ ነበር። ያንኑ አልሁት። ያን አውቀዋለሁ።

ታኅሣሥ 30

እየሩስ ትናንት በገና ዕለት ገባች። መንገድ ላይ አድራለች። እኔ በሩ ላይ ነበርሁ፤ ማጠፊያው ይጮህ ስለነበር ዘይት እየቀባሁት። ጉልበቴን ስማ ፍላሹን በሁለት እጇ ሰጠችኝ። እናቷ ከውስጥ እልል እያለች ወጣች።

ዛሬ ጠዋት አብረን አየነው። ወደ ጓሮ አልወጣሁም። እኔ ካቋረጥሁት በኋላ ማንጠግቦሽ እጇን ሳትለቅ፣ "እዚህ ድረስ መጥተሽ እናት አባትሽ ጋ ደረስሽ?" ትላታለች። ያ ሁሉ ሰው እየሰማ።

"መንገዱ አልመቸኝም አክስቴ" አለች እየሩስ። "አባቴ ግን ይጠብቀኛል።"

ይጠብቀኛል… ገመናዬን በአገር ፊት ሸፈነችው። እኔ ደግሞ ግማሹን ሰምቼ ስከሳት ከረምሁ።

አጠገቤ ተቀምጣለች። አላየኋትም፣ እሷም አላየችኝም። "ያን ጊዜ ልጆቹን በመሀል ትተሽ መሄድሽ ጥፋት ነበር" አልኋት።

"አዎ አባ። ነበር።"

"የእኔም በር መዝጋት…" አልሁ። ዓይናዲስ ሳህን ለማንሳት ተነሳች፤ ሳህን ግን አልነበረም።

ጥር 10፣ እሑድ

ዛሬ ከተራ ነው። እየሩስ ከሄደች ሳምንት አልፏል። የግቢውን በር ከፍተን ሸኘናት፤ በሩ አልጮኸም።

ጠዋት አስቀደስን። ስንመለስ ሪሲቨሩ እንደ ልማዱ ቀድቶ ጠበቀን። ሪሞቱን እኔ ያዝሁ። ጌታሰው ቁልፎቹን አንድ በአንድ አሳይቶኛል፣ ጠይቄው። እየሩስ ወጣች። እናቷ የሰጠቻትን ነጠላ ለብሳለች።

"እዚያ ላይ አቁማት" አለች ዓይናዲስ። "ፊቷን ልያት።"

ማቆሚያው አውራ ጣቴ ሥር ነበር።

"ተያት" አልኋት። "ትጨርስ።"