ያልተጠረገው ደጅ

ለአብሮ አደጌ፣

ጤናህ እንዴት ነው? የታሽከንት ብርድ እንደ ልጅነትህ ደረትህን አያስቸግርህም? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ማርጊላን መኸሩ ገብቷል፤ የእናትህ የወይን ሐረግ ቅጠሉን እያራገፈ ነው። በሬን ዘንድሮ ሰማያዊ አስቀባሁት። በመንገዳችን ሰማያዊ በር ያለኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ዳቦ ሻጯ ሙሃባት «የመታጠቢያ ቤት አስመሰልሽው» ብላ ስቃብኛለች። እናትህ ትናንት ሾርባ ጠጣች። ዳሌዋ እስኪጠገን ሦስት ወር እንደምትተኛ ሐኪሙ ተናግሯል።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። «የእናቴን በር ገፍተሽ ቀድመሽ የገባሽው አንቺ ነሽና እጅሽን ልሳም» ብለሃል። ይሁን። ከዚያ በታች የጻፍከው ግን አንጀቴን አሳረረው። «የሠራሁት የስልክ ፕሮግራም እናቴን አዳነልኝ» ትላለህ? ድንቄም!

አንተስ የዚህ ሰፈር ልጅ አይደለህም? እዚህ ሴት ሁሉ ጎህ ሲቀድ ደጇን ጠርጋ ውሃ ትረጫለች። ሳይጠረግ ያረፈደ ደጅ ከታየ፣ ጎረቤቷ መጥረጊያዋን እንደያዘች ዘው ብላ «አንቺ፣ ሞተሻል ወይስ ከአልጋ መነሳት ጠላሽ?» ትላት ነበር። ይኸው ነበር ፕሮግራማችን።

ያንተ መጣና የሰፈሩን ጉድለት በስልክ እየላክን ሁላችንም ፎቶ አንሺ ሆንን። የመንገድ መብራቱ በሁለት ቀን ተሠርቷል፣ አልክድም። ግን የሰፈሩ ሽማግሌ ቱርጉን አካ፣ ያ በየበሩ እየዞረ የታመመ የሚጠይቅ ሰው፣ ዛሬ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ይውላል። ሰላምታ ብትሰጠው «በስልክ ላክልኝ» ሊልህ ምንም አይቀረው።

ሰኞ የእናትህ ደጅ አልተጠረገም። ሙሃባት አይታ አለፈች። «ልጇ ጋ የሄደች መስሎኝ» አለችኝ በኋላ፣ ዓይኗን ሳታሽ። ማክሰኞ ቅጠሉ ተቆለለ። አንድ ሰው ፎቶ አንስቶ «የንጽህና ጉድለት» ብሎ ላከ። ፕሮግራምህም «ጥቆማዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» አለ። ምን ያለ ጨዋ ነው! እናትህ ያን ጊዜ ከበሩ አሥር እርምጃ ገባ ብላ፣ ባልዲዋ አጠገብ ወድቃ ነበር። በሩ እንኳ አልተቀረቀረም። «የሰው ኮቴ ይሰማኝ ነበር፤ ድምፄ ግን አልወጣልኝም» አለችኝ።

ረቡዕ ጠዋት ቱርጉን አካ መጥቶ የማስጠንቀቂያ ወረቀት በሯ ላይ ለጠፈና ሄደ። አላንኳኳም። ያን ወረቀት ሳይ ነው እግሬ የተንቀሳቀሰው።

ሰው ለምን ፎቶ እንደሚመርጥ ልንገርህ? ከገባህ እናትህ ሻይ ትቀዳለች። «አንድ ብቻ» ብላ አራት ታጠጣሃለች። ስለ ልጇ ታወራለች። «እሱን ብታገቢው ኖሮ ዛሬ የልጅ ልጅ አቅፌ ነበር» ትላለች፣ እኔም የምገባበት ይጠፋኛል። ስልኩ ግን ይህን ሁሉ አይልም። ሰነፍና ፈሪ የሆነ ሰው እንደሱ ያለ ወዳጅ ከየት ያገኛል?

አሁን ደግሞ «ለዚያ ጥቆማ ላኪ በሰፈሩ ፊት ካባ ላለብስ እመጣለሁ፣ ቱርጉን አካ ስሙን ያጣራልኝ» ብለሃል። ሽማግሌውን አታድክም። ፎቶው አንተ ጋ አለ አይደል? አስፍተህ እየው። በግራ በኩል፣ ጠርዙ ላይ፣ ፎቶ አንሺው የቆመበት በር ቁራጭ ይታያል። ቀለሙን ልብ በል።

እናትህ እጄን ይዛ ስትመርቀኝ ትውላለች፤ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ና። ግን ካባ ይዘህ እንዳትመጣ። እኔ ደጇን በየማለዳው እየጠረግሁ ነው።

ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ፣ እናትህን በእግሯ ያቁምልህ፣ እኔንም ይቅር ይበለኝ።

አብሮ አደግህ