ከፈረስ ስለ ወደቀው ባሌ የጻፍሁት

ለጌታሁን፣

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይላል ሰው። እኔን አድርጎኛል። አፈር ከለበስህ ሁለት ክረምት አለፈ፣ ሦስተኛው ዳንግላን እያጨቀያት ነው፣ እኔም አንድ ቀን እንኳ ሳልወቅስህ ውዬ አላውቅም። አፈሩን ያቅልልለት በይ እንጂ ይሉኛል ጎረቤቶቻችን። እያሰብሁበት ነው።

ሱቁን ብታየው አታውቀውም። ያንተ ወንበር ላይ እኔ ተቀምጫለሁ፤ ትራሱን ግን ጠረንህን ስለያዘ ለጎረቤት ውሻ ሰጠሁት። ዱሮ ላንተ ጋዜጣ ማለት መጠቅለያ ነበር። አሁን እኔ ሳላነበው በርበሬ የሚጠቀለልበት ጋዜጣ የለም። ስኳር የፈለገ ሰው የጀመርሁትን እስክጨርስ ይጠብቃል፤ የቸኮለ ሌላ ሱቅ ይሂድ፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።

ከትምህርት ቤቱ መምህር መጽሐፍ እዋሳለሁ። መጽሐፍም እንደ ሰው ክፉና ደግ እንዳለው ያወቅሁት ካንተ በኋላ ነው። ክፉው እንደ እናትህ ነው፣ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ሳይነግረኝ አይለቀኝም። ደጉ አንድ ጊዜ ይነግረኝና ይተወኛል፤ እኔ ግን ሽንኩርት ስከትፍም፣ ገበያ ስወርድም እሱኑ ሳብሰለስል እውላለሁ። እንዲህ ያለ ባል ቢኖር ምን ነበረበት! ባለፈው አንድ ልብ ወለድ ይዤ ወጡ እስኪያርር ድረስ ተቀመጥሁ። ያረረውን እየበላሁ መጽሐፉን ጨረስሁት፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምሳ አላስታውስም።

ፊደል ያስተማርኸኝ አንተ ነህ፣ ይህን አልክድም። በተጋባን በመጀመሪያው ክረምት፣ ዝናቡ ገበያተኛውን ሲያስቀርብን፣ ባንኮኒው ላይ ጨው በትነህ በጣትህ ሀ ሁ ትጽፍልኝ ነበር። ላንተ የሥራ ፈት ጨዋታ ነበር፤ እኔ ግን ዓይኔ የበራ መሰለኝ። አንድ ቀን በጋዜጣ የጀመርሁትን ታሪክ ቀጣዩን ገጽ ብፈልግ ባስፈልግ አጣሁት፤ ለካ አንተ ለአንድ የአዲስ ቅዳም ሰው ስኳር ጠቅልለህበት ኖሯል። ጋሪው ሳይርቅ ሮጬ ደረስሁበት፣ ስኳሩን በሌላ ወረቀት ገልብጬ ገጼን ይዤ ተመለስሁ። አንተ ደጃፉ ላይ ቆመህ ሆድህን ይዘህ ሳቅህ። ያን ቀን እንዴት እንደ ወደድሁህ! ብቻ ጃንሆይ ያሉበትን ገጽ ለበርበሬ እንዳታደርጊው፣ ያሳስሩናል ትለኝ ነበር። ፈሪ መሆንህን ያኔውኑ ማወቅ ነበረብኝ።

ከዚያ ማንበቡ አልበቃኝ ብሎ መጻፍ ጀመርሁ። በአገውኛ። አማርኛ ለእኔ የክት ልብሴ ነው፤ ሳቅ የሚመጣልኝ እንጅባራ አፌን በፈታሁበት ቋንቋ ነው። አገውኛ በፊደል ሲጻፍ አይቼ አላውቅም፣ ግን ፊደሉ እምቢ አላለኝም። ፊደል የሌለው ድምፅ ሲገጥመኝ ካንዱ ፊደል አናት ላይ ነጠብጣብ አደርግበትና እቀጥላለሁ። ገበያተኛውን እጽፋለሁ፣ ዝናቡን እጽፋለሁ፣ የቄሱን አስነጣጠስ እጽፋለሁ። አንዱ ቃል ቦታውን እስኪያገኝ ስንቴ እንደምሰርዝ! ሲገባልኝ ግን፣ አቤት ደስታው! የጠበቀ ቁልፍ ቀጭ ብሎ ሲከፈት እንደማለት ነው። ማንም አላዘዘኝ፣ ማንም አያመሰግነኝ፣ ለራሴ ነው።

ጽፌ ስጨርስ በአማርኛ እየመለስሁ እነግርህ ነበር፣ አንተም ትስቅ ነበር። የወንድሜ ሠርግ ላይ እኔም ከማን አንሼ ብለህ ፈረስ ላይ መውጣትህን፣ በአገር ፈረሰኛ ሁሉ ፊትም ፈረሱ ረግረግ ውስጥ እንደ ወረወረህ የጻፍሁ ጊዜ እንኳ ሳቅህ። ለሰው ብቻ እንዳታነቢው አልኸኝ። ለማንም አላነበብሁትም።

ከዚያ ለንግድ ቆላ ወርደህ ትኩሳት ይዘህ መጣህ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ወባ ነው ብሎ ኪኒን ሰጠኝ። እናትህ ልታስታምምህ መጣች፤ አልጋህን ላራግፍ ስትል ወረቀቶቼን ከራስጌህ ስር አገኘቻቸው። አይጥ እንዳይበላብኝ ነበር እዚያ ያስቀመጥኋቸው። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ስትለኝ የኖረች ሴት ምን እንዳሰበች አይጠፋህም። ይዛቸው ወደ ደብተራው ሮጠች።

ደብተራው ከሩቅ የመጣ ሰው ነው፣ አገውኛ አይሰማም። ፊደሉን ያነበዋል፤ ቃሉ ግእዝ አይደለም፣ አማርኛም አይደለም። ነጠብጣቦቼንም አየ። ላብ በላብ ሆነ። ይህ የአጋንንት ስም ነው፣ ባሏን አስደግማበታለች አለ። ጮክ ብሎ ለማንበብ ፈራ። ምነው ባነበበው! ደጅ የቆመው ጋሪ ነጂ እንኳ አገው ነበር፣ ሆዱ እስኪቆስል በሳቀ።

እናትህ ወረቀቱን ይዛ አልጋህ አጠገብ ቆመች። ዘመዶችህ ሁሉ ነበሩ። ይህን ጽሑፍ ታውቀዋለህ ወይ ብላ ጠየቀችህ። ልብህ እንዳልሳተ አውቃለሁ፣ ጥቂት ቀደም ብሎ ውሃ ስጪኝ ስትል በስሜ ጠርተኸኛል። ወረቀቱን አየህ። እኔን አየህ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ አዎ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኋት፣ ቀልድ ነው ብትል አለቀ። ፊትህን ወደ ግድግዳ አዞርህ።

ለምን እንደሆነ አይጠፋኝም። ያችን ቃል ብትናገር ቀጥሎ ምን ይላል ብለው ይጠይቁህ ነበራ! ፈረስ የጣለው ባል ከምትባል፣ መተተኛ ሚስት ያለችው ምስኪን መባልን መረጥህ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ያንተው ነቀዘ። እኔን ያን ዕለት ነጠላዬን ሳልደርብ ከቤቴም ከሱቄም አስወጡኝ። በእጄ ስለ ነካሁት እናትህ ኪኒኑን ጭቃ ውስጥ በተነችው፣ አንተንም በቃሬዛ ጸበል ወሰዱህ። ከጸበሉ ሬሳ ሆነህ ተመለስህ። እኔ አልገደልሁህም ጌታሁን። ኩራትህ ነው የገደለህ፣ እናትህም አግዛዋለች።

ለቅሶህ ላይ አላስቀረቡኝም። ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን ያዞሩብኝ ነበር፣ ልጆቻቸውን በቀሚሳቸው ይሸፍኑብኝ ነበር። አንዲት እንኳ ደህና ዋልሽ የምትል ጠፋች። የዚያን ጊዜ ነው የጠላሁህ፣ ደህና አድርጌ።

በአርባህ ተዝካርህ ተደገሰ። ደብተራው ወረቀቱን በሰው ፊት ሊያቃጥለው ይዞት መጣ። እኔም ከወንድሜ ጋር መጣሁ፣ የእንጅባራ ዘመዶቼም በፈረስ ተከትለውን መጡ። ሽማግሎቹ እግር ላይ ወደቅሁና ከመቃጠሉ በፊት ይነበብ፣ መተት ከሆነ አብራችሁ አቃጥሉኝ አልሁ። ፈቀዱልኝ።

ወረቀቱን ተቀብዬ ማንበብ ጀመርሁ። ለባላገሩ፣ በራሱ ቋንቋ፣ በአገውኛ። ፈረሱ ላይ ስትወጣ እግርህ እርካቡን ሲያጣው አንድ ሽማግሌ ፈገግ አለ። ልጓሙን ትተህ ጋማውን ስታቅፍ ከወዲያ ጥግ አንዷ በሳቅ ፍርፍር አለች። ረግረጉ ጋ ስደርስ ዳሱ በሳቅ ተናጋ፤ ጠላው ተደፋ፣ ያዘነውም ያላዘነውም እንባውን ጠረገ። እናትህ ምን አለች፣ ምን አለች እያለች ካንዱ ወደ ሌላው ትዞር ነበር። አንዱ ክፉ ተረጎመላት። እሰይ! ደብተራው ሹልክ ብሎ ወጣ። ከሽማግሎቹ አንዱም መተት ያስለቅሳል እንጂ አያስቅም ብሎ ወረቀቱን በእጄ ሰጠኝ። ሱቄንም መለሱልኝ።

በተዝካርህ ቀን ሰው በሳቀብህ ጊዜ ምን ተሰማሽ ብትለኝ፣ ደስ አለኝ። ለነፍስህ እንኳ አልሳሳሁም። እናትህ ዛሬም በሱቄ ደጃፍ ስታልፍ ታማትባለች፤ ጨው ግን ከእኔ ነው የምትገዛ።

አሁን ያን ጽሑፍ የማያውቅ የለም። ገበያ ቀን ከአዲስ ቅዳም የመጡ ሴቶች ሳይቀሩ እስቲ የፈረሱን አንብቢልን ይሉኛል። እኔም እንደገና ጻፍሁት፣ አሳመርሁት፣ ስትወረወር የምትቆይበትን አረዘምሁት። በፊተኛው ቶሎ ነበር የምትወድቀው፣ አሁን ግን ባየር ላይ ትንሽ ትቆያለህ። ስምህን ማን ይጠራዋል? ፈረስ የጣለው ነው የሚሉህ። ልታድነው ብለህ እኔን የሸጥህበት ክብር ይኸው ነው፤ ዕድሜ ሰጥቶኝ ከጻፍሁ የልጅ ልጆቻቸውም ይስቁብሃል። እንግዲህ እረሳለሁ ብለህ አትስጋ፣ አትረሳም።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ያን ቀን ከሠርጉ ወደ ዳንግላ ስንመለስ፣ ጭቃህ ሳይደርቅ፣ መንገድ ላይ ሁለታችን ብቻ ሳለን ያልኸኝና ያደረግህልኝ ነገር አለ። አንተ ታውቀዋለህ፣ እኔም አውቀዋለሁ። ደግ ነገር ነበር። የሰማው ሁሉ ይወድህ ነበር፣ መሳቁንም ይተው ነበር። በየትኛውም ወረቀት አልጻፍሁትም፤ አልጽፈውምም። እስክሞት አስታውሰዋለሁ፣ ስሞትም አብሮኝ ይቀበራል።