ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደች

ቴፒ፣ ኅዳር

ለማከብርዎ አማቴ፣

እማማ፣ እንደምን ከረሙ? የጉልበትዎ ሕመም ጋብ አለልዎ? እኔ የዘንድሮው ቡና ፋታ ባይሰጠኝም ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ቤቱ ግን ያለ አቢጊያ ጭር ብሎብኛል። ስልኬን ስለማያነሱልኝ ነው በጽሑፍ መምጣቴ።

ልጅዎ ባስልኤል ልጄን አቢጊያን ሚዛን እርስዎ ዘንድ ከወሰዳት ወዲህ የሚሰማኝ አጣሁ። እሁድ ሽማግሌ ተቀምጦ ከማን ጋር ትደግ የሚለውን ሊቆርጥ ነው አሉ። ማስረጃው የአራት ዓመት ልጅ ቃል መሆኑን ጎረቤትዎ ሰርካዲስ ደውላ ነገረችኝ። እማዬ ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደች፣ እኔ አለቀስኩ ብላለች። እርስዎም ሦስቴ ጥላት ወጥታለች፣ ወደ ማን ይሆን ብለው ፈቱት።

እማማ፣ በተረትዎ ጅቡ ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደና ሲሏት ስንቴ ሄደ ብላ ጠይቃዎ ታውቃለች? መንገዱ ረዘመ ማለት ነው። አነጋገሩን የለቀመችው ከእርስዎ አፍ ነው። አለቀስኩ ያለችበት ቀን ዝናቡ ድንገት መጣና፣ የተሰጣው ቡና ላይ ሸራ ልጥል በሩን ቆልፌባት ሮጥኩ። ጥዬ ተመለስኩ፤ ሌላ የሄድኩበት የለም። ለእኔ አፍታ ነበር። እሷ ግን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ብቻዋን ነበረችና ረዘመባት። አልቀየማትም፣ አንጀቴን ነው የበላችኝ።

ስለ አባቷም ተናግራለች አሉ። አባዬ እማዬን መታት፣ መታት፣ መታት ስትል እርስዎ ሳቁ፤ አንዴ ነው የመታት፣ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም አሉ። እውነት ነው፣ የመታኝ አንዴ ነው። ለእሷ ግን ያች አንዴ እስከ ዛሬ አላለቀችም። የእሱ አንድ ከሆነ የእኔስ በምን ሒሳብ ሦስት ይሆናል? ተናድጃለሁ፣ አልደብቅዎትም።

እሁድ እመጣለሁ። እስከዚያ የምትለውን እንዳያስጠኗት እለምንዎታለሁ። ይልቅ ባስልኤል በር ሲከፍት ዓይንዎን ከእሷ አይንቀሉ። እዚህ እሱ በር ሲከፍት ጆሮዋን ይዛ አልጋ ስር ትገባ ነበር። በሠርጋችን ሰሞን፣ ባስልኤልም ልጅ ሳለ እንዲሁ ጆሮውን ይዞ አልጋ ስር ይገባ እንደነበር እየሳቁ አጫውተውኛል። ከማን እንደሚሸሽ ያኔ አልጠየቅኩዎትም።

እግዚአብሔር ጤናዎን ይመልስልዎ፣ ደጅዎን ሰላም ያድርገው። ልጄን ይሳሙልኝ።

የልጅ ልጅዎ እናት