ከሸርማ ማዶ ተልከው የመጡት የአቶ አስፋው ኩማ የሕይወት ታሪክ

ነሐሴ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. ረፋዱ ላይ፣ በልደታ ኮንዶሚኒየም መኖሪያ ቤታቸው፣ ባለቤታቸው ወ/ሮ ድንቅነሽ፣ ልጃቸው መቅዲ እና ጎረቤታቸው ወ/ሮ ፋይዛ አጠገባቸው እንዳሉ አቶ አስፋው ኩማ አረፉ።

አቶ አስፋው ከአባታቸው ከአቶ ኩማ ሞቱማ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሸዋዓለም በ1945 ዓ.ም. ከሸርማ ወንዝ ማዶ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ወንዙን እየተሻገሩ ስምንተኛ ክፍል ጨርሰው በጤና ረዳትነት ሠለጠኑ። በ1970 ዓ.ም. ከወ/ሮ ድንቅነሽ ጋር ተጋብተው መቅዲንና የአብስራን ወለዱ።

በ1985 ዓ.ም. ክረምት የአብስራ በወባ ታመመ። አባቱ የሚሠሩበት ጤና ጣቢያ ከወንዙ ወዲያኛው ዳር ነው፤ ሸርማ ግን ሞልቶ ነበር። ለሰው ልጅ ሁሉ መድኃኒት የሚሰጡት አባት የራሳቸውን ልጅ ታቅፈው ውሃው እስኪጎድል ሲጠብቁ፣ ልጁ እጃቸው ላይ አለፈ።

ከዚያ ወዲህ አቶ አስፋው ከድልድይ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። ክልላቸውን ሲጠይቁ፣ ወንዙ የሁለት ክልል ወሰን ስለሆነ ጉዳዩ የማዕከላዊው መንግሥት ነው ተባሉ። በ1987 ዓ.ም. ሕዝቡ መርጦ ወደ ፓርላማ ላካቸውና ልደታ ቤት ተከራይተው ተቀመጡ። እዚህ ደግሞ የወረዳ መንገድ የክልል ሥልጣን ነው ተባሉ።

በምክር ቤቱ ብዙ መቀመጫ ያለው ብዙ ይናገራል፤ የእርሳቸው ሕዝብ መቀመጫ አንድ ነበር። በአገራቸው ልማድ ደግሞ የሕዝብ መልእክተኛ ወደ ጉዳዩ የሚገባው የላኩትን ጎሳዎች በየስማቸው ጠርቶ ሰላምታቸውን ካደረሰ በኋላ ነው። አቶ አስፋውም እንደዚያው ሲያደርጉ፣ ወንዙ ላይ ሳይደርሱ ሰዓታቸው ያልቃል። አጠገባቸው የሚቀመጡ አንድ አባል፣ «ጋሼ አስፋው፣ ዛሬም ሳይሻገሩ ቀሩ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ኋላም አዝነውላቸው፣ «ሰላምታውን ይተዉትና ድልድዩን ይጠይቁ» ብለው መከሯቸው።

በ1991 ዓ.ም. የበጀት ውይይት ላይ አቶ አስፋው ሰላምታውን ትተው፣ የልጃቸውን አሟሟት ሳይቀር ተናገሩ። መልሱ ያው የክልል ሥልጣን ነው የሚል ሆነ። በራዲዮ የሰሟቸው የአገራቸው ሽማግሌዎች ግን፣ «የእኛን ስም ሳይጠራ የልጁን ስም ጠራ፤ የሄደው ለራሱ ነው» አሉ። በሚቀጥለው ዓመት ምርጫ ሌላ ሰው ላኩ።

አቶ አስፋው አልተከራከሩም። አገር ቤት ለመመለስ አፍረው፣ ልደታ አካባቢ በአንድ ክሊኒክ በካርድ ክፍል ሠራተኛነት እስከ ጡረታቸው አገለገሉ። የኩላሊት ሕመም ሲጠናባቸው፣ ይቅር እንዲሏቸው ወደ ሽማግሌዎቹ ደጋግመው ላኩ። ሽማግሌዎቹም በመጨረሻ እሺ ብለው ባለፈው ሳምንት ከቤታቸው ተነሡ። ወ/ሮ ድንቅነሽ ይህን ሲነግሯቸው፣ «ወሩ ነሐሴ ነው፤ አይደርሱም» አሉ።

አቶ አስፋው ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን መቅዲን እና ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አባቶች ዘንድ ያሳርፍልን፤ የአብስራንም ያሳያቸው። ለቤተሰባቸው መጽናናትን ይስጥ።

ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ ጠዋት ሸርማን አልተሻገሩም። ቀብራቸው በዘጠኝ ሰዓት በልደታ ማርያም ይፈጸማል።