ነጭ ጋውን ላለበሱኝ ሥራ አስኪያጅ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የክሊኒካችን ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ ደህና ነው? ያ የሚያስቸግርዎ ወገብዎስ እንዴት ሆነ? ስለ ወገብዎ መጠየቄ ምርመራ የጀመርኩ እንዳያስመስልብኝ አደራ። ጤና መመኘት ፈቃድ ይጠይቅ እንደሆነ የሚመለከተውን ክፍል ጠይቄ፣ አይጠይቅም ስለተባልኩ ነው በድፍረት የተመኘሁልዎ።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው፣ ውለታዎ በፖስታ ታሽጎ የሚቀር ስላልሆነ ነው። ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ በክሊኒክዎ ስምንት ዓመት በረዳትነት ሠርቻለሁ። ካርድ አወጣለሁ፣ ተራ እጠራለሁ፣ ሰው ሚዛን ላይ አቆማለሁ፣ ሙቀት እለካለሁ፣ አንሶላ እቀይራለሁ። የነርስም ሆነ የሌላ የሕክምና ባለሙያ ፈቃድ ኖሮኝ አያውቅም። ሐኪማችን በሳምንት ሁለት ቀን ብቅ ይሉ ነበር፤ ሲስተር ግን ከጠዋት እስከ ማታ አትጠፋም። ባለፈው ዓመት ሲስተር ወልዳ ቤቷ ስትገባ፣ እርስዎ በቦታዋ ሌላ ሰው በመቅጠር ፈንታ እኔን በአንድ ጀንበር አሳደጉኝ። እነሆ ምስጋናዬ በየተራው፦

፩ኛ. ስለ ጋውኑ። "ሰው ነጭ ሲያይ ግማሽ በሽታው ይለቀዋል" ብለው ሲስተር ትታው የሄደችውን ጋውን በገዛ እጅዎ ስላለበሱኝ እጅግ አመሰግናለሁ። እጅጌው ረዝሞብኝ ሁለት ጊዜ አጠፍኩት። የመጀመሪያው ታካሚ "ዶክተር" ሲለኝ፣ ማን መጣ ብዬ ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። አራተኛው ሲለኝ ግን አልዞርኩም። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ይል ነበር፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ቤት ገብቼ ልጄን "ጀርባሽን ቀና አድርጊ፣ ዲስክሽ ይንሸራተታል" ማለት ጀመርኩ። ዲስክ የት እንዳለ ግን እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።

፪ኛ. ስለ ስልኩ። ለደወለ ሰው "አላውቅም፣ ሐኪሙ ማክሰኞ ይመጣሉ" ስል ሰምተውኝ፣ "'አላውቅም' የክሊኒክ ቃል አይደለም" ብለው የመከሩኝን ምክር ከልቤ ይዤዋለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሆድ ቁርጠትም፣ ለራስ ምታትም፣ ለወለምታም "ፈሳሽ ያብዙ" ስል ከረምኩ። አንድ አባት ደውለው ቅዳሜ ክፍት መሆናችንን ሲጠይቁኝ፣ አፌ ስለለመደበት "ክፍት ነን፣ ፈሳሽ ያብዙ" አልኳቸው። እሳቸውም "እሺ ዶክተር" ብለው ዘጉ። ስንት ሰው በእኔ ምክር ውሃ ሲጠጣ እንደከረመ እርስዎ ያውቃሉ።

፫ኛ. ስለ ስፌቱ። አናጺው አውራ ጣቱን በመጋዝ ቆርጦ፣ በሸሚዙ ጠቅልሎ የመጣ ዕለት፣ "የእንግዳ መቀበያውን መጋረጃ ማን ሰፋው? አንቺ አይደለሽም? እጅሽ አይንቀጠቀጥም፣ ስፊው" ስላሉኝ፣ በስፌቴ ላይ ያለዎት እምነት ትልቅ ክብር ነው። ደግነቱ አናጺው ራሱ ሰምቶ ብድግ አለና "እኔ መጋረጃ ነኝ እንዴ?" አለ። ቁስሉን በንጹሕ ፋሻ ጫን አድርጌ አስሬ፣ ታክሲ አስቁሜ ወደ ሆስፒታል ላክሁት። እርስዎ "ደንበኛ አባረርሽ" ብለው ሦስት ቀን አኮረፉኝ። ከሁሉም ሥራዬ ትክክል የነበረው ይኸው አንዱ ነበር፣ የተቆጡኝም በእሱ ብቻ ነው።

፬ኛ. ስለ መርፌው። እዚህ ላይ ሳቄን ትንሽ ገታ ላድርግ።

መርፌ መውጋት ያለማመዱኝ በብርቱካን ላይ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ስድስት ብርቱካን ወጋሁ፤ እርስዎም "ብርቱካኑ ቅር ካላለው ሰውም ቅር አይለውም" ብለው መረቁኝ። በሚቀጥሉት ወራት ሃያ ሁለት ሰው ወጋሁ፤ ሃያ ሁለቱም በእግራቸው ወጡ። እኔም እጄ የተባረከ ነው ብዬ አመንኩ።

ሃያ ሦስተኛዋ፣ ከመንገዱ ማዶ ፎቶ ቤት ያላት ሴት ነበረች። የሰፈሩን ሕዝብ ጉርድ ፎቶ ያነሳችው እሷ ናት፤ ሰው ሁሉ "ፈገግ በሉ" እያለ ነው የሚጠራት። ሐሙስ ነበር፣ ሐኪም የሌለበት ቀን። ጉሮሮዋ አብጦ መዋጥ አቅቷታል። እኔ ለእርስዎ ደወልኩ፣ አላነሱም። ጥቂት ቆይቶ የድምፅ መልእክት ላኩልኝ፦ "ያንን ለጉሮሮ የምንሰጠውን ውጊያት። ምን ያስፈራሻል? እኔ አለሁ።"

ወጋኋት። እጄ አልተንቀጠቀጠም።

መርፌውን ሳልጥል "መዳፌን አሳከከኝ" አለች። ከዚያ ከንፈሯ አበጠ። ከዚያ ትንፋሿ እንደ ፉጨት ይሰማ ጀመር፤ ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ፣ በዚያ በነጩ ጋውን ተማምና፣ የማደርገውን ትጠብቃለች። እኔ የማደርገውን አላውቅም ነበር። የማውቀው "ፈሳሽ ያብዙ" ብቻ ነው።

ሮጬ ወጣሁ። አንድ ጫማዬ ደረጃው ላይ ቀረ። አጠገባችን ካለው የጥርስ ሕክምና ገብቼ "ሰው ገደልኩ!" ብዬ ጮህኩ። የጥርስ ሐኪሙ አፉን የከፈተ ታካሚውን እንዳለ ትቶ፣ ጓንቱን ሳያወልቅ፣ የአደጋ ጊዜ ሳጥኑን ይዞ ተከተለኝ። ጭኗ ላይ ሌላ መርፌ ሰጣት፣ እግሯን ከፍ አስደረገኝ፣ አምቡላንስ አስጠራኝ። የፉጨቱ ድምፅ ቀስ በቀስ ሲረግብ ቀና ብሎ አየኝ።

"ማን ነው የወጋት?"

"እኔ።"

"አንቺ ምንድን ነሽ?"

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ በስምንት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ እሱ የመጀመሪያው ነው። "ሰው ሚዛን ላይ የማቆም ነኝ" አልኩት። አልተቆጣም። ጋውኑን ብቻ ትኩር ብሎ አየው፤ እኔም እዚያው ቆሜ አወለቅኩት።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄጄ አልጋዋ አጠገብ አለቀስኩ። የ"ፈገግ በሉ" ድምፅ ገና አልተመለሰም፤ በሹክሹክታ "ልጅ ሆኜም ይኸው መድኃኒት አሳብጦኝ ያውቃል፣ እናቴ ሁሌ ትናገር ነበር። ጠይቀሽኝ ቢሆን እነግርሽ ነበር'ኮ" አለችኝ። ይህን ንግግሯን ተኝቼም አልረሳውም። መውጋቱን ተምሬ ነበር፤ ከመውጋት በፊት የሚጠየቀውን ግን ያስተማረኝ የለም። ብርቱካን አይጠየቅማ!

፭ኛ. ስለ ወረቀቱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በሦስተኛው ቀን ቢሮዎ አስጠርተው "የረዳት ሠራተኛ የሥራ ገደብ" የሚል፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ስለሰጡኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ስምንት ዓመት ሙሉ ሥራዬ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ኖሬ፣ ያን ቀን አወቅኩ። ረዳት መርፌ አይወጋም፣ ቁስል አይሰፋም፣ መድኃኒት አያዝም፣ በስልክ የሕክምና ምክር አይሰጥም፣ ራሱን በባለሙያነት አያስጠራም። ከዕለት ሥራዬ ሳይከለከል የተረፈው ሚዛኑ ብቻ ነበር። ከሥሩ የተያያዘው ማስጠንቀቂያ ደግሞ "በተደጋጋሚ ብትመከሪም በራስሽ ፈቃድ ከድርሻሽ አልፈሻል" ይላል፤ ቀኑም ከመርፌው ሁለት ሳምንት ቀድሞ የተጻፈ ነው። ጥፋቴን ሳላጠፋ አስቀድመው ማወቅዎ የነቢይ ሥራ ነው። የሚያሳዝነው፣ በዚያ በጠቀሱት ቀን ውሃ ተቋርጦ ክሊኒኩ ዝግ ነበር፤ የዘጋሁትም እኔ ነኝ።

"ፈርሚ" አሉኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ፣ ሳልፈርም ይዤው ወጣሁ።

፮ኛ. ስለ ተቆጣጣሪዎቹ። ሁለት ሰዎች ከፈቃድ ሰጪው ክፍል መጥተው ሲጠይቁ፣ እርስዎ "እሷ የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ጋውኑን ሳላያት ነው የለበሰችው" ማለትዎ ስለ ትሕትናዎ ብዙ ይናገራል፤ ያን ሁሉ ያሳደጉኝን ሥራ ለራስዎ አልቆጠሩትም። እኔ ግን ውለታ ቢስ አይደለሁምና፣ ስልኬን አውጥቼ የድምፅ መልእክትዎን አሰማኋቸው። ሦስት ጊዜ ነው የሰሙት። በሁለተኛው ጊዜ አንደኛው ተቆጣጣሪ "ከጀርባ የሚሰማው የውሃ ድምፅ ምንድን ነው?" አለ። "መኪና እያሳጠቡ ነበር" አልኩ። "እኔ አለሁ" ባሉበት ሰዓት የት እንዳሉ በዚህ ታወቀ።

ሃያ ሦስቱንም ሰው አንድ በአንድ ቆጠርኩላቸው፤ የራሴን ድርሻ አላስቀረሁም። ለእኔም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ይገባኛል፣ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። ክሊኒክዎ ደግሞ ለሦስት ወር ታሽጎ ቆየ። ሲከፈት ሁለት ነርሶች ቀጥረዋል አሉ፤ ፈቃድ ያላቸው፣ እውነተኛ! እንኳን ደስ ያለዎ።

፯ኛ. የመጨረሻውና ትልቁ ምስጋናዬ ስላባረሩኝ ነው። ባያባርሩኝ ኖሮ በአርባ አንድ ዓመቴ የነርስ ትምህርት ቤት አልገባም ነበር። ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ልነሳ ፎቶ ቤቷ ሄድኩ፤ "ፈገግ በሉ" ድና፣ ወፍራ፣ በርጩማው ላይ አስቀምጣኝ "ከዶክተርነቱ ተማሪነቱ ያምርብሻል" አለችኝ። ሁለታችንም ስንስቅ ሦስት ፎቶ ተበላሸ።

ክፍል ውስጥ "እናታችን" ይሉኛል፤ ከልጄ በሁለት ዓመት ቢበልጡ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አስተማሪያችን "ታካሚ ከመወጋቱ በፊት ምን ይጠየቃል?" ብላ ገና ሳትጨርስ፣ እኔ ከወንበሬ ተነስቼ ጮህኩ፦ "መድኃኒት አሳብጦት ያውቅ እንደሆነ!" ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪዋም "እናታችን፣ ቀስ፤ ማንም አልሞተም" አለችኝ። አዎ፣ ማንም አልሞተም! ይህን ስሰማ መዝፈን ነበር የቃጣኝ፤ ዘፈን ከድርሻዬ ውጭ ስለሆነ ግን ተቀመጥኩ። አሁን መርፌ ለመያዝ ገና ሁለት ዓመት ይቀረኛል፤ መጠበቅ እንዲህ እንደሚጣፍጥ ማን ያውቅ ነበር?

በሉ እንግዲህ፣ ወገብዎ እንዲድን፣ ስልክዎ በተደወለ ቁጥር የሚነሳ እንዲሆን፣ የሚፈርሟቸው ወረቀቶችም በእርግጥ የተጻፉበትን ቀን ይዘው እንዲገኙ ከልብ እየተመኘሁ፣ ለሰጡኝ ሹመትና ለነጠቁኝ ሥራ እኩል እጅ እነሳለሁ።

ከማይናወጥ አክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ሐኪምዎ፣ የቀድሞ ሰፊዎ፣ የቀድሞ የስልክ አማካሪዎ፣
የዛሬ አንደኛ ዓመት ተማሪ

ከፊርማ በኋላ፦ ክሊኒክዎ ለተማሪዎች የተግባር ልምምድ ቦታ ለመሆን ያቀረበው ማመልከቻ ትምህርት ቤታችን ደርሷል። ዲኗ ክፍላችን ገብተው "ይህን ቦታ በቅርብ የሚያውቅ ተማሪ አለ?" ብለው ሲጠይቁ፣ እጄን አነሳሁ። አጭር አስተያየት በጽሑፍ እንዳቀርብ አዘውኛል። እስካሁን አሥራ አራት ገጽ ደርሻለሁ፤ ገና ግን ከእንግዳ መቀበያው አልወጣሁም።