አራት ጊዜ የተጻፈው ገጽ

ለታደሰ፣

ሰበካ ጉባኤው ልቦለዱን የተረጎምክባቸውን ሰባቱን ደብተሮችህን ለቤተ ክርስቲያናችን ቤተ መጻሕፍት እንደሚቀበል ባለፈው እሑድ ነግሮኛል፤ የልቦለዱ ከሃዲ ንግግር ያለባቸው ገጾች ተቆርጠው ከወጡ።

ውዴ፣ ከተለየኸን ሰባት ወር ሞላ። እዚህ ባሕር ማዶ፣ የሞንትቤሎ ሰፈሩን ቤታችንን አልለቀቅንም። ልጃችን ሳራ ኮሌጅ ገብታለች፤ የምታጠናው ባንተ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ መነጽርህን ግን ከቦታው አላነሳችውም። ታክሲ ስትነዳ መሪው ላይ ደብተርህን ዘርግተህ ተራ ትጠብቅበት የነበረው የኤርፖርቱ የታክሲ ማቆሚያ፣ በስልክ የሚጠራው መኪና ከመጣ ወዲህ ጭር ብሏል አሉ። ይህን የነገረኝ የአስመራው ጓደኛህ ተስፋይ ነው። ሩሲያ ስትማር የገዛኸውን ያን ወፍራም ልቦለድ ወደ አማርኛ ስትመልስ፣ ጎንህ ፓርክ አድርጎ መስኮቱን ዝቅ ያደርግና "ሰውዬህ ዛሬስ ማንን አስለቀሰ?" ይልህ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሠራኸውን ታነብልኝ ነበር። ደራሲው ሰውን እስከዚህ ድረስ ማወቁ ሁሌም ይደንቅህ ነበር። ሌባው ለማያውቀው ሰው ያለቅሳል፣ ጻድቁ በጓደኛው ይቀናል። "ሰው እኮ እንዲህ ነው" ብለህ ደብተሩን ትዘጋለህ።

አሁን ጥፋቴን ልንገርህ። ለአርባህ ባሳተምነው የመታሰቢያ ጽሑፍ ላይ ያንተ የሆነ ነገር እንዲወጣ ፈለግኩ። ከደብተሮቹ ሁሉ በጣም ያማረውን ገጽ መርጬ ከፎቶህ ሥር አወጣሁት። ሃያ ዓመት ጋዜጣ ላይ የሠራሁ ሰው፣ የማን ቃል እንደሆነ አላጣራሁም። ገጹ ላይ የሚናገረው ልጁ የሞተበት አባት ነው። አልጋው አጠገብ ተቀምጦ፣ እግዚአብሔር ምክንያት ቢኖረውም እንኳ ልሰማው አልፈልግም ይላል።

ጽሑፉ በታደለ ማግስት ሹክሹክታው ተጀመረ። ታደሰ ሳያምን ነው እንዴ የኖረው? ተባለ። ተስፋይ ከሚኖርበት ከግሌንዴል ደወለልኝ። "እህቴ፣ ምን ነካሽ? ይሄ አባት እኮ የልቦለዱ ከሃዲ ነው! በዚህ ገጽ ስንት ቀን ተጨቃጭቀናል።" ለምን ለዚህ ሰው እንዲህ ታሳምርለታለህ ብሎ ሲሞግትህ፣ የማልስማማበትን ሰው በደካማ አማርኛ ላናግረው አልችልም፣ ደራሲውም አላደረገውም ብለኸዋል።

ይህን ከሰማሁ ጀምሮ መደነቄ አለቀቀኝም። ለካስ ላመነው ሳይሆን እንቢ ላለው ነበር ምርጥ ቃላትህን የሰጠኸው። እንዲያ አድርገህ፣ በማግስቱ መቋሚያ ሳትደገፍ ቅዳሴውን ቆመህ ታስቀድስ ነበር።

ጉባኤው ፊት ቀርቤ ስህተቱ የኔ መሆኑን አስረዳሁ። የነፍስ አባትህ ቀድሞም አልተጠራጠሩህም። ሌሎቹም ተቀበሉኝ፤ ወጣቶቹ ክህደቱን አንብበው ልቦለዱ በኋላ የሚሰጠውን መልስ ሳያነቡ እንዳይቀሩ ግን ሰጉ። ገጾቹ ይውጡ ያሉት ለዚህ ነው። እኔም አግባብ መስሎኝ ቤት ስገባ መቀስ አነሳሁ።

ገጹን አራት ጊዜ ጽፈኸዋል። ያሳተምኩት የመጨረሻውን፣ ሥርዝ ድልዝ የሌለበትን ነበር። የመጀመሪያው ሦስተኛው ደብተር ውስጥ ነው። ዳር ላይ በእርሳስ አንድ ስም ጽፈህበታል።

ናሆም።

የበኩር ልጃችንን አዲስ አበባ ከቀበርነው በኋላ ስሙን ከአፍህ ሰምቼው አላውቅም። የረሳኸው መስሎኝ ስንት ዓመት ተቀይሜህ ኖርኩ። አንተ ለካ ታክሲ ውስጥ ተቀምጠህ፣ የሌላ አገር ሰው በጻፈው ቃል ታለቅስለት ነበር። ቃሉ ያንተ አይደለም ብዬ ለጉባኤው የተናገርኩት እውነት ነው። አሁን ግን ያን ያህል ብቻ ተናግሬ ዝም ማለት አልችልም።

ለሳራ፣ ሳትወለድ ስላለፈው ወንድሟ ቁጭ ብዬ ነገርኳት። ገጹን ረጅም ጊዜ አየችው። "እማ፣ ፕሊስ፣ እንዳትቆርጪው" አለችኝ። መቀሱን ወደ መሳቢያው መለስኩት። ከእንግዲህ እዚህ ቤት አንተም ናሆምም በየስማችሁ ትጠራላችሁ።

ጉባኤው ቅዳሜ ከኪዳን በኋላ ይሰበሰባል። ሰባቱንም ደብተሮች እንዳሉ ይዤ እሄዳለሁ፤ ሦስተኛውን እኔ ራሴ ገልጬ አሳያቸዋለሁ። ይቀበሏቸው እንደሆነ ያን ዕለት ይወስናሉ።

ባለቤትህ